በአጥቢያችን ሥርዓት ለምን ይጠፋል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት መሰናዷችን ቅዱስ ጳውሎስ ለደቀ መዝሙሩ ለቲቶ የላከውን መልእክት አንብበን ነበር። ከጎንደርና ከዙሪያዋ ብዙ አድማጮች ደወላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። የአየር ሰዓቱ ስላልበቃን ያሳጠርኳቸውን መልሶች እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ።

ከማራኪ፣ አንድ ወጣት፦ መምህር፣ በአጥቢያችን የሕንፃ ኮሚቴው ከሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ከማኅበሩ ጋር አይስማማም። ሽማግሌ ገብቶም አልሆነም። አንዳንዶች «ስብከቱ ይበቃናል፣ አሁን የቸገረን አስተዳደር ነው» ይላሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?

ወንድሜ፣ አስተዳደር እንደሚያስፈልግ ጳውሎስም ያውቃል። ቲቶን በቀርጤስ ደሴት የተወው ያልተስተካከለውን እንዲያስተካክልና በየከተማው ቀሳውስትን እንዲሾም ነው (ቲቶ 1፥5)። ግን ከዚያ ቀጥሎ የጻፈውን ልብ በል። ስለሚሾመው ሰው ሲናገር፣ የማይቆጣ፣ የማይሰክር፣ ለገንዘብ የማይስገበገብ፣ ልጆቹ አማኞችና ታዛዦች የሆኑለት ይሁን ካለ በኋላ፣ የተማረውን የታመነ ቃል አጥብቆ የሚይዝ ይሁን ብሎ ይጨርሳል። ምዕራፍ ሁለትን የሚጀምረው ደግሞ «አንተ ግን አስተምር» በሚል ሐሳብ ነው። ትምህርቱም ሽማግሌዎች በመጠን እንዲኖሩ፣ አሮጊቶች ከሐሜትና ከብዙ ወይን ርቀው ወጣት ሴቶችን እንዲመክሩ፣ ጎልማሶች ራሳቸውን እንዲገዙ የሚል ነው። ይህን ሁሉ ካዘዘ በኋላ ምክንያቱን ይሰጣል፦ ሰውን ሁሉ የሚያድን የእግዚአብሔር ጸጋ ተገልጧልና፣ ክርስቶስም መልካም ሥራ ለመሥራት የሚተጋ ሕዝብ ለራሱ ሊያነጻ ራሱን ሰጥቷልና (2፥11-14)።

ምክንያቱ የተነገረው ሰው የታዘዘውን ከልቡ ያደርገዋል። ምክንያቱ ያልተነገረው ግን ኮሚቴ ውስጥ ሲገባ የሚያየው ወንበሩን ነው። እኔ የአጥቢያ ጠብ ሲነገረኝ ከ«ማን አጠፋ?» በፊት የምጠይቀው «በዓመቱ ውስጥ በዐውደ ምሕረቱ ምን ተሰበከ?» ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ ያሳዝነኛል። የንግሥ ቀን ውዳሴ ነበረ፣ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ነበረ፤ ምእመኑ ስለምን እንደሚሰበሰብ፣ እርስ በርሱ እንዴት እንደሚኖር የሚነግረው ተከታታይ ትምህርት ግን አልነበረም። የቲቶ መልእክት 46 ቁጥር ብቻ ነው፤ ከዐሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ሦስቱም ወገኖች ስለ ጉዳያቸው ከመነጋገራቸው በፊት አንድ የሐዲስ ኪዳን መምህር ጠርታችሁ አብራችሁ ከነትርጓሜው ስሙት። ዕርቁን ከዚያ በኋላ ቀጥሉ።

ከአዘዞ፣ አንዲት እናት፦ የሰንበቴ ተራዬ በሚቀጥለው ወር ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አቅም የለኝም። ከኔ በፊት የነበሩት በግ አርደው፣ ቢራ አቅርበው ነው ያስተናገዱት። ልበደር ወይስ ከሰንበቴው ልውጣ?

እናቴ፣ አይበደሩ፤ አይውጡም። ይህ ጥያቄ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ በየአጥቢያው ብዙ ድሆች በዝምታ ከሰንበቴና ከጽዋ ማኅበር የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በቆሮንቶስ ቤተ ክርስቲያንም ደርሶ ነበር። ለጌታ እራት ሲሰበሰቡ ያለው ቀድሞ ይበላና ይሰክራል፤ የሌለው ይራባል። ጳውሎስ ይህን ሲሰማ «የሌላቸውን ታሳፍራላችሁን?» ብሎ ገሠጻቸው። ቀጥሎ ያደረገው ነገር ነው ትልቁ። ጌታ በተያዘባት ሌሊት እንጀራን እንዴት አንሥቶ፣ አመስግኖ፣ ቆርሶ እንደሰጠ እንደ አዲስ አስተማራቸው። በመጨረሻም እርስ በርሳቸው እንዲጠባበቁ አዘዛቸው፤ የቀረውንም ሲመጣ እንደሚደነግግ ነገራቸው (1ኛ ቆሮ. 11፥20-34)። ማዕዱን ያስተካከለው በትምህርት ነው።

የኛም ሰንበቴ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦው ተባርኮ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ከደጀ ሰላም ላሉ ነዳያን ተካፍሎ፣ ጸሎት ተደርጎ የሚበተን ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ፦ ለሰንበቴው ሙሴ (ለመሪው) ወይም ለንስሐ አባትዎ ሳያፍሩ ይንገሩ። በዕለቱ አንድ ድፎ ዳቦ፣ አቅምዎ የፈቀደውን ጠላ፣ ጥቂት ቆሎ ይዘው ይምጡ። ይህን የሚያነብ የሰንበቴ ሙሴ ካለ ደግሞ አደራ የምለው አለኝ። ለሁሉም እኩል የሆነ ልክ አውጡ፤ ከዚያ በላይ የማቅረብ አቅም ያለው ሰው ትርፉን ለነዳያን ይስጥ። በግ ማረድ የሚፈልግም በዚያው ደጀ ሰላም ለሚቀመጡት ይረድ፤ ዋጋው እዚያ ይበልጣል። ልኩን ስትነግሯቸው ግን ከላይ ያለውን ምዕራፍ አንብባችሁ ንገሯቸው፤ ያለዚያ «ማን ስለሆነ ነው የሚከለክለን» የሚል ይነሣል።

ከፒያሳ፣ አንዲት እኅት፦ ጓደኛዬ «ጸጋ ነው የሚያድነው፣ ሥራ ምን ያደርጋል» ትላለች። አያቴ ደግሞ «ጾሜና ምጽዋቴ ያድነኛል» ይላሉ። ማን ልክ ነው?

እኅቴ፣ በዚሁ በቲቶ መልእክት በ3ኛው ምዕራፍ ሁለቱንም ታገኛቸዋለሽ። በቁጥር 5 ያዳነን በአደረግነው የጽድቅ ሥራ ሳይሆን በምሕረቱ፣ በአዲስ ልደት መታጠብና በመንፈስ ቅዱስ መታደስ ነው ይላል። ሦስት ቁጥር ወርዶ በእግዚአብሔር ያመኑት መልካሙን ሥራ በጥንቃቄ እንዲይዙ ይህን አጽንተህ ተናገር ይለዋል። ለጓደኛሽ ቁጥር 8ን፣ ለአያትሽ ቁጥር 5ን አንብቢላቸው። አያትሽ ጾማቸውን እንዲተዉ አይደለም፤ የጾማቸው ጉልበት ከማን እንደሆነ እንዲያውቁ ነው።

ከቆላ ድባ፣ አንድ ዲያቆን፦ በአጥቢያችን ሙዳየ ምጽዋቱ የሚቆጠረው በአንድ ሰው ነው። ቢጠየቅ «አታምኑኝም ወይ?» ይላል። ዝም እንበል?

ዝም አትበሉ፤ በሐሜትም አትጀምሩት። ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ርዳታ ለመፈጸም የተላከው ይኸው ቲቶ ነው። ጳውሎስ ብቻውን አልላከውም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም ጨመረለት። ምክንያቱንም ጽፎታል፤ በዚህ ገንዘብ ማንም እንዳይነቅፈን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ብሎ (2ኛ ቆሮ. 8፥16-21)። ሐዋርያው ራሱ ምስክር ከፈለገ፣ ምስክር መጠየቅ ማንንም መስደብ አይደለም። ይህን ለወንድማችን በፍቅር አሳዩት።

አሠራሩም አለ። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ (የቤተ ክርስቲያናችን የአስተዳደር ደንብ) ሰበካ ጉባኤን ያቋቋመው ካህናቱ፣ ምእመናኑና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶቹ በአንድነት ቤተ ክርስቲያናቸውን እንዲያገለግሉ ነው። ሣጥኑ ብዙ ሰው ባለበት ይከፈት፤ ቆጠራው በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ቆጣሪዎቹ ይፈርሙ፤ ገንዘቡ በሕጋዊ ደረሰኝ ገቢ ሆኖ ባንክ ይግባ። በአንድ አገልጋይ ላይ ክስ ካላችሁ ግን ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር አትቀበሉት (1ኛ ጢሞ. 5፥19)። ይህ ሥርዓት ቆጣሪውንም ከሐሜት ያድነዋል።

ከሳሙና በር፣ አንድ አድማጭ፦ በቴሌግራም ግሩፓችን ሌሊቱን ሙሉ በነገረ ሃይማኖት እንከራከራለን። ይህ ኃጢአት ነው?

መጠየቅ ኃጢአት የለበትም። ቲቶ 3፥9-10ን ግሩፑ ላይ ለጥፉት፤ ከማይጠቅም ክርክር ራቅ፣ መለያየትን የሚያመጣውን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ገሥጸህ ተወው ይላል። ከዚያ ያልተፈታውን ጥያቄ ይዛችሁ ወደ መምህር ሂዱ። ጎንደር ላይ ሆኖ መምህር አጣሁ ማለት ይከብዳል።

ከቀሃ አካባቢ፣ አንድ አባት፦ እኛ ልጅ ሳለን የቆሎ ተማሪ በየደጁ ነበር። ዛሬ የአብነት ተማሪዎች ይራባሉ፣ ጉባኤ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ሕንፃ ትሠራለች። ይህ ምን ይባላል?

አባቴ፣ የመጨረሻ ያደረግሁት ከሁሉ የሚከብደኝ ይኸ ስለሆነ ነው። መምህር ኤስድሮስ የመጽሐፍ ትርጓሜን ያቀኑባት፣ ዛሬም የአቋቋም (የዝማሬ ሥርዓት) ደቀ መዛሙርት በበአታ ማርያም የሚያስመሰክሩባት ከተማ ናት ጎንደር። ያ ትምህርት የቆመው በእናቶች ቁራሽ ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ውሻ በዱላው እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ እናት ከመሶቧ ቆርሳ ታወጣለች። ቁራሹ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ በውኃ አርሶ በልቶ ያድራል፤ ሲነጋ የኔታ ፊት ይቀመጣል። የተመጸወተው ልጅ ነው በኋላ መምህር ሆኖ ምጽዋትን ለሌላው የሚያስተምረው።

ጳውሎስም የቲቶን መልእክት ሊጨርስ ሲል ሕግ አዋቂውን ዜናስንና አጵሎስን ምንም ሳይጎድልባቸው በመንገዳቸው እንዲሸኟቸው አደራ ይላል። ቀጥሎም የኛዎቹም አስፈላጊ ለሆነው ችግር በመልካም ሥራ መትጋትን ይማሩ ይላል (3፥13-14)። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም መሠዊያውን በወርቅ ከማስጌጥ በፊት የተራበውን አብሉ ብሎ አስተምሯል። ሕንፃውን አትሥሩ አልልም፤ ሰበካ ጉባኤያችሁ ዓመታዊ ዕቅድ ሲያወጣ ግን ከሲሚንቶው በፊት የየኔታን ደመወዝና የተማሪዎቹን ቀለብ ይጻፍ። እርስዎም በሰንበቴዎ ተነጋግረው የአንድ ተማሪ የወር እህል ለመቻል ይሞክሩ። እህሉን ለጉባኤ ቤቱ መምህር በእጃቸው ያስረክቡ፤ ተማሪውንም ስሙን ጠይቀው ይወቁት።