ሳይነስ ነው ከማለታችን በፊት ጥርሱን እንየው

እንደምን አረፈዳችሁ፣ በዚህ የደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ብርዱን ካነሳሁ አይቀር ከሱ ልጀምር። እኛ ጋ አፍንጫው የታፈነ፣ ጉንጩን የከበደው ሰው ሁሉ "ብርድ መታኝ፣ ሳይነሴ ተነሳ" ነው የሚለው፣ እኛም ሰምተን መድኃኒት እንጽፋለን። ግን በአንድ ጎን ብቻ የሚሸት ፈሳሽ የሚወጣ ከሆነ ቆም እንበል፣ ብርድ አንዱን አፍንጫ መርጦ አይመታም። ሳይነስ የምንለው ጉንጭ ውስጥ ያለው የአየር ክፍል ወለሉ ከላይኛው ጥርሶች ሥር በላይ ስለሆነ የጥርስ ሕመም ወደሱ ሊዘልቅ ይችላል።

ከመንዝ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፣ ዳማከሴውም አንቲባዮቲኩም ተሞክሮላቸው ያልተሻላቸው፣ ጎንበስ ብለው ሊጥ ሲያቦኩ ጉንጫቸው ሊፈነዳ ይደርሳል። እኔው ራሴ ተራ ኤክስሬይ አይቼ ጥርስዎ ደህና ነው ብዬ መልሻቸዋለሁ፣ እስካሁን ያሳዝነኛል። በኋላ አዲስ አበባ ኮን ቢም ሲቲ፣ ማለት ጥርስና መንጋጋን በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየውን ምስል፣ ተነስተው ሲመጡ ፋይሉን ከፍቼ ስላይሱን ቀስ እያልኩ ሳወርደው የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሥር ጫፍ ላይ ጥቁር ክብ፣ ማለት ኢንፌክሽን አጥንቱን የበላበት፣ ከሱ በላይ የሳይነሱ ወለል አጥንት ተበልቶ፣ ሳይነሱን ከውስጥ የሚሸፍነው ስስ ገለፈት አብጦ የሳይነሱን ግማሽ ሞልቶታል። ጤነኛ ገለፈት እኮ 1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ምስል ላይ ጭራሽ ላይታይም ይችላል።

ተራው ኤክስሬይ ጠፍጣፋ ነው፣ የጉንጩን አጥንት፣ የላንቃውን፣ የሥሮቹን ጥላ አንዱን ባንዱ ላይ ይደርበዋል። ኮን ቢሙ ጭንቅላቱን ዞሮ ነው የሚያነሳው፣ ከሚሊሜትር ባነሰ ክፋይ ቆራርጦ ያሳያችኋል፣ ጨረሩም አብዛኛውን ጊዜ ከትልቁ ሲቲ ያንሳል።

ታዲያ ምስሉ እጃችሁ ሲገባ ጥርሱን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። የሳይነሱ መውጫ ያለው ከታች አይደለም፣ ከላይ በአፍንጫ በኩል ባለው ግድግዳ ነው፣ ፈሳሹን ጥቃቅን ፀጉሮች ሽቅብ እየጠረጉ ነው የሚያወጡት፣ ስለዚህ መውጫው ተደፍኖ እንደሆነ እዩ። ወለሉ ላይ ሴፕተም የምንለው የአጥንት ክፋይ ካለም መዝግቡት፣ ለኢምፕላንት፣ አጥንት ውስጥ ለምንተክለው ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር፣ ወለሉን ከፍ ስናደርግ ገለፈቱ ብዙ ጊዜ የሚቀደው እዛ ጋ ነው። ከወለሉ የተነሳ ጠርዙ ለስላሳ ጉልላት መሳይ ነገር ብዙውን ጊዜ ሪቴንሽን ሲስት፣ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት፣ ነው፣ ሰውየውን ካላስቸገረው ተዉት። ግድግዳው ተበልቶ የጥርስ ምክንያት ካጣችሁለት ግን እባካችሁ አታሳድሩት፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል፣ ኮን ቢም አጥንት እንጂ ሥጋ ለይቶ አያሳይም፣ መግሉም ዕጢውም አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። ለአንገት በላይ ሐኪም ዛሬውኑ ላኩት።

ከመሃል ሜዳና ከሸዋ ሮቢት የመጣችሁ፣ ማሽኑ ከሌላችሁ ሪፈር ወረቀቱ ላይ "ሳይነስ" ብላችሁ ብቻ አትላኩ፣ የትኛው ጥርስ፣ በየትኛው ጎን፣ ደግሞ ምስሉ እስከ ሳይነሱ መውጫ ድረስ ይነሳ ብላችሁ ጻፉ። ጠባብ ሆኖ ተነስቶ መውጫው ተቆርጦ ከመጣ በሽተኛው የጣርማ በርን ዳገት ሁለተኛ ሊወጣ ነው።

እናታችን ጥርሱ ተነቅሎ ሳይነሱም ከታከመ በኋላ ሽታው ጠፋላቸው። ምስላቸውን ለእናንተ እንዳሳይ ፈቅደውልኛል፣ እስቲ መብራቱን አጥፉልኝ።