ለእሱ ነው ወይስ በእሱ ላይ?

እሺ... ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የቤት ፍለጋውን ጉድ እጨርስላችኋለሁ ብዬ ነበር። ይቅርታ፣ ለሚቀጥለው ይቆየን። አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎኛል።

የለንደኑን ወንድሜን ታውቁታላችሁ። ወንድም ጋሼን። መጥቶ ነበር፣ አሥር ቀን ሰንብቶ ተመለሰ። አዎ፣ ጃንጥላውን ይዞ ነው የመጣው። እሱን ዛሬ አላነሳውም።

በመጣ በአራተኛው ቀን ቪሬታ ፓርክ ወሰድኩት። ፓርክ ስላችሁ ሰፊ ቦታ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ሲያትል፣ ዋሽንግተን ሐይቅ አጠገብ ያለች ቁልቁለት ናት፣ ሣርና ዛፍ። የኒርቫና ባንድ ዘፋኝ የነበረው ከርት ኮቤይን የኖረበትና የሞተበት ግቢ ጎኗ ነው። ሰው የሚሄደው ለአግዳሚ ወንበሩ ነው። እንጨቱ በጽሑፍ ተሸፍኗል። በእስክርቢቶ የተጻፈ አለ፣ በቢላዋ የተፋቀ አለ። አንዱ የጻፈው ላይ ሌላው ደርቦበት ቃሉ አይለይም። የዚያን ቀን ዝናብ የመታው አበባ ነበር። ነዶ ያለቀ ሻማም ነበር። እንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው የጊታር መምቻ ሸጉጦበታል። በጣቴ ነካሁት። አላወጣሁትም።

ወንበሩ ጫፍ ላይ አንድ ልጅ ተቀምጧል። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ከርት ሲሞት ገና ያልተወለደ ልጅ። ኮፍያውን እስከ ዓይኑ ስቦ መሬት መሬት ያያል። እኛ ራቅ ብለን ቆምን። ያካፋል። ወንድም ጋሼ ያኔ መዝፈን ጀመረ።

ጮክ ብሎ አይደለም፣ በለሆሳስ ነው። የእንግሊዙን ባንድ፣ የኦኤሲስን ሊቭ ፎረቨር፣ «ለዘላለም መኖር» ማለት ነው። እዚያ ቦታ! ደሜ ፈላ። «እባክህ ተው! እዚህ አይዘፈንም» አልኩት። ልቅሶ ቤት የሳቀን ሰው እንደሚገሥጹት ነው የተናገርኩት፣ ድምፄ ወጥቷል። ዝም አለ። ከዚያ «ይሄን ዘፈን እኮ ለእሱ ነው የጻፉት» አለኝ። «ለእሱ ሳይሆን በእሱ ላይ ነው» አልኩት።

ልጁ ተነስቶ ሄደ።

በቃ፣ የሆነው ይሄ ነው። ሦስት ሳምንት ሆነው። ማታ ማታ እየተመላለሰ ይመጣብኛል።

ክርክሩ የቆየ ነው፣ ታውቃላችሁ። እኔ የግራንጅ፣ የእነ ኒርቫና የአሜሪካ ሮክ። እሱ የብሪትፖፕ፣ የእነ ኦኤሲስ የእንግሊዝ ሮክ። ሁልጊዜ የምለውን ልድገመው። ግራንጅ እንጉርጉሮ ነው። ሰውየው ለራሱ ነው የሚያንጎራጉረው፣ አንተ በበሩ በኩል ስታልፍ ሰማኸው እንጂ ላንተ አልተባለም። ብሪትፖፕ የሠርግ ዘፈን ነው። አውጪ አለ፣ ተቀባይ አለ። በፈረንጆቹ 1996 እንግሊዝ አገር ኔብዎርዝ ላይ ኦኤሲስ ሲጫወቱ በሁለት ሌሊት ሩብ ሚሊዮን ሰው ነበር። ያ ሁሉ ሰው ተቀባይ ነው! እና እኔ ሁልጊዜ እንጉርጉሮው ይበልጣል፣ እውነቱ እዚያ ነው እላለሁ። እሱ ደግሞ «አንቺ ሐዘን ሁሉ እውነት ይመስልሻል» ይለኛል።

አዲስ አበባ እያለን አንድ ካሴት ነበረን። የ90 ደቂቃው። በአንዱ ገጽ የኒርቫና ኔቨርማይንድ፣ በሌላው የኦኤሲስ የመጀመሪያ አልበም። የኒርቫናው በልኩ ይገባል። የኦኤሲሱ ግን 52 ደቂቃ ስለሆነ አልበቃውም። ስላይድ አዌይ የሚባለው ዘፈን መሃሉ ላይ ዘፋኙ ሊያም ጋላገር እየጮኸ ቀጭ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ክሩ ብቻ ሲሽከረከር ይሰማል። እኔ ለዓመታት ዘፈኑ እንደዚያ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። እውነት! ወንድም ጋሼ ሙሉውን ለንደን ገብቶ ነው የሰማው። የዚያኑ ዕለት ደወለልኝና «ይቀጥላል እኮ፣ ገና ብዙ አለው» አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምን እንደነካው ያኔ አልጠየቅኩትም።

ምን ልል ነበር... አዎ፣ ለእሱ ወይስ በእሱ ላይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኒርቫናዎች አንድ ዘፈን አላቸው፣ ርዕሱ በእኛ «ራሴን እጠላለሁ፣ መሞት እፈልጋለሁ» ማለት ነው። የሊያም ወንድም፣ የኦኤሲስን ዘፈኖች የሚጽፈው ኖኤል ጋላገር፣ ሊቭ ፎረቨርን ሲያስረዳ ይሄንን ያነሳል። ሁሉ ነገር ያለው ሰው እንዲህ ሲል፣ ምንም የሌለኝ እኔ ደግሞ ማለዳ መንቃት ደስ ይለኛል፣ ይሄን አልቀበልም የሚል ነው ሐሳቡ። እኔ ይሄንን ስሰማ ስድብ ነው የመሰለኝ። ለታመመ ሰው «ተነስ፣ ምን ሆነህ ነው» እንደማለት።

ግን ዘመኑ አይገጥምም። ኖኤል ዘፈኑን የጀመረው በ1991 እንደሆነ ራሱ ነው የሚናገረው። የቀን ሥራ ላይ ቱቦ እግሩን ጎድቶት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛውረውት ነበር። የኒርቫናው ዘፈን የወጣው በ1993 ነው። መልሱ ከጥያቄው ቀደመ ማለት ነው። ደግሞ ከርትም ያንን ርዕስ ለቀልድ ነው ብሎ ነበር። ሚያዝያ 1994 ላይ ግን ሞተ፣ በ27 ዓመቱ። የኦኤሲሱ ነጠላ ዘፈን የወጣው በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው፣ በአራት ወሩ። ቀልድ የነበረው ቀልድ መሆኑ ቀረ። ለምንም ያልተጻፈው መልስ ሆነ። እኔ አግዳሚው ወንበር ጋ «በእሱ ላይ» ስል ይሄንን አውቅ ነበር። አውቄ ነው የተናገርኩት። እሱ ነው የከነከነኝ።

እና የሠርጉ ነገር... እሱም እንደምለው ላይሆን ይችላል። ስለ ብሪትፖፕ ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው የነሐሴ 1995ን ፉክክር ነው። ብለር የሚባለው ሌላው የእንግሊዝ ባንድና ኦኤሲስ በአንድ ቀን ዘፈን አውጥተው ብለር 274,000 ለ216,000 አሸነፈ። ወንድም ጋሼ ዛሬም ይናደዳል። እኔን የሚነካኝ ግን የ1992ቱ ነው። ብለሮች ዕዳ ውስጥ ገብተው፣ ያንን ለመክፈል ሁለት ወር ሙሉ አሜሪካን ሲዞሩ ከረሙ። አሜሪካ ያኔ ኒርቫናን ነው የሚሰማው፣ ለእነሱ ጆሮ ያለው የለም። ዘፋኛቸው ዴመን አልባርን አገሩ ናፈቀው። የቆየውን የእንግሊዝ ባንድ፣ የኪንክስን ዋተርሉ ሰንሴት በካሴት ይዞ እሱን እየደጋገመ ይሰማ ነበር። ተመልሶ ስለ እንግሊዝ ብቻ መጻፍ ጀመረ። ግራንጅን እናጠፋዋለን ያለውም ከዚያ በኋላ ነው።

እስቲ አስቡት። በሰው አገር፣ በአውቶብስ፣ የአገሩን ዘፈን አንድ ካሴት እየደጋገመ። ይሄ ትዝታ ካልሆነ ምንድን ነው ትዝታ? እኔስ እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት ምን አደረግኩ? ያንን ክፍል የሰማችሁ ታስታውሳላችሁ። ለካ የእኔን ስሜት የያዘው የእነሱ ወገን ነበር! እኔ ግን በሌላኛው ቆሜ ሃያ ምናምን ዓመት ስከራከር...

አይ፣ ቆይ። እንዲህ ብዬ ደግሞ ግራንጅን አሳልፌ መስጠት አልፈልግም። በ1993 ኒርቫና ኒውዮርክ ላይ ያለ ኤሌክትሪክ ጩኸት የተጫወተውን አይታችሁታል። ነጭ አበባ፣ ጥቁር ሻማ። አዘጋጁ «እንደ ቀብር ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ከርት አዎ ነው ያለው። የመጨረሻው ዘፈን ላይ ድምፁ ተቀደደ። የመጨረሻው መስመር ሊያልቅ ሲል ትንፋሹን ሲስብ ዓይኑን ይከፍታል። ሰማያዊ ዓይን። አንድ ሰከንድ አትሆንም። ያቺን ሰከንድ ያየ ሰው እዚያ ወንበር አጠገብ ሌላ ዘፈን አይዘፍንም። አይዘፍንም!

ወይም... ይዘፍናል። ምክንያቱም፣ እማዬ ስትሞት ወንድም ጋሼ በሠልስቱ ነው የደረሰው። ያን ማታ ሰዉ ሲሳሳ እሷ የምትወዳቸውን ዘፈኖች አንድ በአንድ አወጣ። አክስቶቼ ተቀበሉት። ሳቁም። እኔ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ያኔም ተቆጥቼ ነበር። ለእሷ እንደዘፈነ ግን አውቅ ነበር። በእሷ ላይ አልነበረም።

ኔቨርማይንድን ያቀናበረው ቡች ቪግ አንድ ነገር ሲያወራ ሰምቻለሁ። ከርት ድምፁን ደርቦ መቅዳት አልፈልግም ሲለው «ጆን ሌነን ያደርገው ነበር» አለው። ወዲያው እሺ አለ። ቢትልስን እንደዚያ ይወድ ነበር። ኖኤልም ያው ቢትልስ ነው። ሁለቱም ዝናብ ከማያባራበት ከተማ፣ ከአንድ ቤት የወጡ...

የልጁን ነገር ልጨርስ። ስንት ጊዜ አሰብኩት። አንዳንዴ መጀመሪያ የተነሳው ልጁ ነው፣ ከዚያ እኔ ጮህኩ ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ ያባረረው ዘፈኑ ነው። ግን አይደለም። ወንድም ጋሼ ሲዘፍን ልጁ ቀና ብሎ ነበር። አይቼዋለሁ፣ ከኮፍያው ሥር አገጩ ታየኝ። ወደ እኛ ዞረ። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ አልነበረም። ምን እንደነበር አልያዝኩትም፣ ምክንያቱም ያኔ እኔ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ አማርኛችን፣ ጩኸቱ፣ እና ልጁ ዳገቱን ሲወጣ ጀርባው።

ምናልባት ሊቀበል ነበር ይሆን? እላለሁ። እንዴት ነው የማውቀው?

ወንድም ጋሼ ጃንጥላውን ከፈተና ከእኔ በላይ ያዘልኝ። እሱ እየበሰበሰ። እስከ መኪናው አንድም ቃል አልተናገርንም። ባለፈው እሑድ ደውሎ ነበር። ስለ ልጆቹ አወራን፣ ስለ አየሩ አወራን። «ሌላ ምን አዲስ ነገር አለ?» ሲለኝ... «ምንም» አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ስላይድ አዌይን ከፈትኩ። ሙሉውን ልሰማ ነበር። ካሴቱ የሚቆምበት ቦታ ሲደርስ እጄ ራሱ ሄዶ...

እንጃ። እስቲ ዛሬ ማታ ልደውልለት። እዚያ ግን አሁን ሌሊት ነው።