በአንድ ቀበሌ ስንት ሰው ባይፖላር አለበት?

የተከበራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የቀበሌ ተወካዮች፣ ከጅማ ወደ መስክ የምትወጡ ተማሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ።

ባይፖላር የምንለው ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ የሚነሳበት ማኒያ እና ስሜት የሚወድቅበት ድባቴ የሚፈራረቁበት የአእምሮ ሕመም ነው። ይህን ልትጠይቁ ወደ መስክ ከመውጣታችሁ በፊት በቀጥታ ወደ ሒሳቡ ልግባ። አንድ የገጠር ጤና ኬላ እስከ 5,000 ሰው ያገለግላል፤ ግማሹ አዋቂ ነው እንበል። ቡታጅራ ላይ ቤት ለቤት ከ68,000 በላይ ሰው ተጠይቆ፣ በሕይወት ዘመኑ ባይፖላር አንድ (ሙሉ ማኒያ የሚታይበት ዓይነት) የያዘው ከ200 አንድ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ስሌት በአንድ ኬላ ሥር 12 ወይም 13 ሰው ይኖራል ማለት ነው። እስቲ መዝገባችሁን ግለጡ፤ ስንት አላችሁ? አንድ ወይም ሁለት ካላችሁ እናንተ ጎበዞች ናችሁ።

ሆስፒታል የመጣውን ብቻ ቆጥሮ ስለ ሕዝቡ መናገር አይቻልም። ብዙው ሰው እኛ ዘንድ የሚደርሰው ጸበሉም ዱአውም ከተሞከረ በኋላ፣ ያውም እጁን ታስሮ ነው። ድባቴ ላይ ወድቆ ጋቢ የተከናነበውን ማን ያመጣዋል?

ቁጥሩ መስፈርቱን ተከትሎም ይለዋወጣል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የ11 አገሮች ጥናት ባይፖላር አንድን 0.6 በመቶ፣ ባይፖላር ሁለትን (ማኒያው ቀለል የሚለውን ዓይነት) 0.4 በመቶ አድርጎታል፤ መስፈርቱን ሙሉ በሙሉ የማያሟሉት ሲጨመሩ ግን 2.4 ይደርሳል። የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ደግሞ ወደ 1.8 በመቶ ተገኝቷል። ትንሽና የተነጠለ ማኅበረሰብ ስለሆነ እኔ ለአገር መለኪያ አላደርገውም።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ቡታጅራ ላይ ወንዶች 0.6፣ ሴቶች 0.3 በመቶ ነበሩ። በሌላው ዓለም ግን በባይፖላር አንድ የጾታ ልዩነቱ እምብዛም ነው። የእኛ ሴቶች በእርግጥ ከሕመሙ ድነዋል? ይመስለኛል፣ ተደብቀዋል። ወንዱ ማኒያ ሲነሳበት ገና ያልተለቀመ ቡናውን በርካሽ ሸጦ ሰፈሩን ሁሉ ይጋብዛል፤ አገር ያየዋል። ሴቷ ሌሊቱን ሙሉ ልብስ ስታጥብ፣ ብቻዋን ስትዘፍን ብታድር ባልየው በር ዘግቶ «ትንሽ አሟታል» ይላል። ስለዚህ እሷን ብቻዋን ጠይቋት፤ አማት አጠገቧ ቁጭ ብላ አይደለም።

ጅማ ላይ ጫትም አለ። «እንቅልፍ ሳይወስድዎት ጉልበት ተሰምቶዎት ያውቃል?» ብትሉ ቃሚው ሁሉ አዎ ይላል። ምርቃና በማግስቱ ይበርዳል፤ ማኒያ ግን ቢያንስ ሳምንት ይቆያል። «ሳይቅሙስ?» የምትለዋን ጥያቄ አትዝለሉ። በተቃራኒው ቤተሰቡ «ጫት ነው» ስላለ ብቻ ፎርሙን አጥፋችሁ አትነሱ፤ የሚቅም ሰውም ባይፖላር ሊኖርበት ይችላል።

«ባለፉት 12 ወራት» እና «በሕይወት ዘመንዎ» የሚሉትን ጥያቄዎችም አታደበላልቁ። መልሳቸው ይለያያል፤ ሰው ከአሥር ዓመት በፊት የነበረውን ይረሳል፣ ወይም ያፍርበታል።

አንድ የመጨረሻ ጉዳይ። ሰውየው «የለም» ከተባላችሁ የት እንደሄደ ጻፉ፤ ጸበል፣ ሼሁ ጋር፣ ዘመድ ቤት፣ ማረሚያ ቤት። አልጠየቅም ያለውንም ለብቻው መዝግቡ። እነዚህን ረድፎች ባዶ ካመጣችሁ መልሼ እልካችኋለሁ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው ይነሳ።