ነጻ ነው ተብለን የገባንባት ሌሊት

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ዛሬ እዚህ የተገኛችሁ የጤና ባለሙያዎችም። የአንዲት ሌሊት ነገር ልንገራችሁና ከዛ የምጠይቀው አለኝ።

ባለቤቴን ምጥ ጠንቶባት በአምቡላንስ ጎንደር አስገባናት፣ ሐኪሟ አይታት የልጁ ልብ ምት እየወረደ ነው፣ ኦፕራሲዮን መግባት አለባት አለች፣ ፈረምኩ። ወሊድ ነጻ ነው እንደተባለው ለካርድም ለአልጋም አልከፈልንም፣ እሱ እውነት ነው። ትንሽ ቆይታ አንዷ ነርስ ብጣሽ ወረቀት ሰጠችኝ፦ የጀርባ ማደንዘዣ፣ የስፌት ክር፣ ጓንት፣ ካቴተር የሚባለው የሽንት ቱቦ፣ ሴፍትሪያክሶን የሚባለው የኢንፌክሽን መድኃኒት። «ስቶር ውስጥ አልቋል፣ ቶሎ ይዘህ ና ወንድሜ» አለችኝ፣ ዓይኔን ማየት አቅቷት።

ሌሊት 8 ሰዓት ነው፣ ባጃጅ የለም፣ በእግሬ ወደ ፒያሳ ሮጥኩ፣ አንዱ ፋርማሲ ክሩ አለ ማደንዘዣው የለም፣ ሌላውን በሩን ደብድቤ ነው ያስከፈትኩት፣ ብሩ ሲያንሰኝ የእህቷን የጆሮ ወርቅ አስይዤ መጣሁ። ያን ሁሉ ጊዜ እሷ አልጋ ላይ ሆና ትጠብቃለች። ሁለቱም ተርፈውልኛል፣ ተመስገን።

ነርሷን አልወቅስም። እናት አትከፍልም ሲባል ክሩን ግን የሆነ ሰው መግዛት አለበት፣ ለሆስፒታሉ በጀቱ በጊዜ ካልተተካለትና ዕቃው ከመጋዘን ካልመጣ ወጪው ዞሮ ዞሮ ከባል ኪስ ነው የሚወጣው፣ ባል የሌላትስ? በ2008 ዓ.ም የተሰራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ከ100 ወሊድ በኦፕራሲዮን የሆነው 2 ገደማ ብቻ ነበር፣ ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት ደግሞ 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 10 በመቶ ድረስ ኦፕራሲዮኑ በጨመረ ቁጥር የእናቶች ሞት ይቀንሳል ይላል። የኛ ችግር ማነሱ ነው፣ «ነጻ ነው ብለውኝ ወርቅ አስያዝኩ» የሚለው ወሬ አንዴ መንደር ከገባ ደግሞ ቀጣይዋ እቤት ትቀራለች።

የምዕራብ አፍሪካዋ ማሊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ኦፕራሲዮኑን ነጻ ስታደርገው ዕቃውን በኪት፣ ማለትም ለአንድ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገውን አንድ ላይ አድርጋ፣ አዘጋጅታ ነው። እኛም ለሌሊት የሚሆን አምስት የታሸገ ኪት ኦፕራሲዮን ክፍል ይቀመጥልን፣ አንዱ ሲከፈት በነጋታው ይተካ፣ ያለቀው ነገር ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ የሌሊቱን ባጃጅ እኛ በየእድራችን እናዋጣለን።

ወረቀቷ አሁንም ኪሴ ውስጥ ናት፣ በላብ ርሳ ደብዝዛለች ግን ትነበባለች። ግዢ ላይ የምትሰሩ ካላችሁ ስንወጣ በር ላይ ጠብቁኝ፣ አንድ በአንድ አነብላችኋለሁ።