ጃኬቱ የት ገባ?

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ የለም፤ እኔና ሻዬ ብቻ።

የማወራችሁ ተማሪ ቤት ለሌለው ሰው ምን ማድረግ ይችላል ስለሚለው ነው። ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለሁ የሆነውን ልንገራችሁ። ፋሲካ ሲቃረብ ዶርም ለዶርም እየዞርን ልብስ ሰበሰብን። እኔ አንድ ወፍራም ጃኬት ሰጠሁ። ማርቆስን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የሌሊቱ ብርድ ጋቢ አይበግረውም። መናኸሪያ አካባቢ በረንዳ ላይ ለሚያድሩ ልጆች አከፋፈልን። ፎቶ ተነሣን። ከዚያ ዶርም ገብተን ለጥ ብለን ተኛን።

በሳምንቱ ጃኬቴን የወሰደውን ልጅ ጫማ ሲጠርግ አገኘሁት። በስስ ሸሚዝ ነው። «ጃኬቱ የት ገባ?» አልኩት። ቆጣ ብዬ ነበር፣ አልዋሻችሁም።

«ሸጥኩት ጋሼ» አለኝ። «ቀን ይሞቃል፣ ተሸክሜው አልዞር። የት ላስቀምጠው? ማታ ደግሞ ትልልቆቹ ይነጥቁኛል። ሳይወስዱብኝ ሸጬ በላሁበት።»

ምን ልበለው? እኔ ዶርም ውስጥ ቁልፍ ያለው ሎከር አለኝ። ሎከር ሀብት መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ጎጃም ውስጥ እኮ ተማሪና ቤት የለሽ እንዲህ አይራራቁም ነበር። ዲማ ጊዮርጊስ ወይ ዋሸራ ቅኔ ሊማር የወጣ የቆሎ ተማሪ ቤቱን ጥሎ ነው የሚሄደው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ይቆማል። ውሻው ያሯሩጠዋል፣ ባለቤቷ ቁራሽ ትሰጠዋለች። ተማሪን ያሳደገው ያ ቁራሽ ነው። እኛ ደግሞ በካፌ ምግብ እያማረርን አጥር ውስጥ ቁጭ ብለናል። (በነገራችን ላይ፣ ሽሮው ያኔም ቀጭን ነበር።)

አሁን ችግሩ ብሷል። በአማራ ክልሉ ግጭት ምክንያት ቤት ንብረቱን ጥሎ ከተማ የገባ ሰው አለ። ታዲያ ተማሪ ምን ያደርጋል? ምግብና ልብስ አይጠላም። እኔ ግን ወረቀቱ ላይ ነው የማተኩረው።

ከገጠር ተነሥቶ የመጣ ልጅ መሸኛ የት ያገኛል? መሸኛ ከሌለ የቀበሌ መታወቂያ ማውጣት ጭንቅ ነው። መታወቂያ የሌለውን ማን ያከራየዋል? ማንስ ይቀጥረዋል? አሁን ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ አለ፤ አዋጁ በ2015 ዓ.ም. ወጥቷል፣ ምዝገባው በነጻ ነው። ማስረጃ የሌለው ሰው ደግሞ ፋይዳ ያለው ሰው መስክሮለት መመዝገብ ይችላል። እናንተ ፋይዳ አላችሁ አይደል? ግን ልትመሰክሩለት ሰውየውን ማወቅ አለባችሁ። ስሙን፣ የመጣበትን፣ የማን ልጅ እንደሆነ። እኛ በፎቶው ቀን የአንዱንም ልጅ ስም አልጠየቅንም።

ሕግ የምትማሩ ደግሞ፣ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። የቀን ሥራ ሠርቶ ደሞዙን የተከለከለ ሰው ግን ግቢ በር ድረስ መጥቶ አይጠይቃችሁም፤ ጥበቃው ራሱ አያስገባውም። ሄዶ መናኸሪያ ማዶ ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ብትሰጡ ይበቃል። ግን በየሳምንቱ። እኛ ፈተና ሲደርስ እንጠፋ ነበር፤ ልጆቹ ደግሞ ይህን ወዲያው ያውቃሉ። «ፈተና ነው እንዴ?» ይሉናል ስንመለስ።

የጃኬቱ ነገር ሲከነክነኝ ከረመ። ሦስት ሆነን መናኸሪያው ጎን ሱቅ ያላቸውን እትዬን ለመንናቸው። ከመደርደሪያቸው ሥር ባዶ ቦታ ነበር። በወር ትንሽ ብር እያዋጣን እንከፍላቸዋለን፣ እሳቸው የልጆቹን ዕቃ ያስቀምጣሉ። መጀመሪያ «ቅማል ታመጡብኛላችሁ» ብለው ነበር። በኋላ ግን ልጆቹ የቀን ገቢያቸውን ሳይቀር እሳቸው ዘንድ ማስቀመጥ ጀመሩ፤ እሳቸውም በደብተር ይጽፉላቸዋል።

የኔ ሊስትሮ የመጀመሪያው ቀን ሣጥኑን አስገባ። ቦታውን ጎንበስ ብሎ አየው፣ በእጁ ለካው። ከዚያ ቀና ብሎ፣

«ጋሼ» አለኝ፣ «ሌላ ጃኬት የለህም?»