ሙዚቃው ሲቆም ይወርዳሉ፦ ስለ ናይት ክለቡ ሆረር ጌም ያወራንበት ክፍል

ብሩክ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ ብሩክ ነኝ፣ ሜሮንም አለች። የዛሬው ጥያቄያችን ቀላል ነው። ሳያልቅ የሚለቀቅ ጌም፣ ኧርሊ አክሰስ የሚባለው ማለት ነው፣ ጊዜና ገንዘብ ሊወጣበት ይገባል ወይ? ምሳሌያችን ሰሞኑን ሁለታችንም የያዝነው የናይት ክለብ ሆረር ጌም ነው። ሊንኩ ከስር አለ።

ሜሮን፦ ብሩኬ፣ ወደ ጥያቄው ሳንገባ አድማጮች አንድ ነገር ይወቁ። ይሄ ሰውዬ ጌሙን ሙሉ የሚያሳልፈው ሽንት ቤት ተደብቆ ነው።

ብሩክ፦ ጀመረች።

ሜሮን፦ እኔ ካሜራ እየቀያየርኩ፣ መብራት እየቆጠብኩ ፍዳዬን አያለሁ። እሱ በሩን ዘግቶ ቁጭ!

ብሩክ፦ ሮቦቶቹ እዚያ አይመጡማ!

ሜሮን፦ ይመጣሉ። ትንሽ ይቆያሉ እንጂ ይመጣሉ።

ብሩክ፦ እሺ፣ ላላዩት ሰዎች ጌሙን ንገሪያቸው።

ሜሮን፦ ክለቡን የምትዘጋው ሠራተኛ አንተ ነህ። ሰው ሁሉ ወጥቷል። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ብቻህን ትቆያለህ። መድረኩ ላይ አራት የሚደንሱ ሮቦቶች አሉ። ሙዚቃ እስካለ ድረስ ይደንሳሉ፣ ከመድረክ አይወርዱም። ሙዚቃው ሲቆም ይወርዳሉ። ሙዚቃው ደግሞ መብራት ይበላል፣ መብራቱም የተሰፈረ ነው።

ብሩክ፦ የፋይቭ ናይትስ አት ፍሬዲስ ልጅ መሆኑ ያስታውቃል።

ሜሮን፦ ፋን ጌም ነው፣ አድናቂ የሌላ ሰው ጌም ላይ ተመሥርቶ የሚሠራው ማለት ነው፣ አይደብቀውም። የፍሬዲ ሠሪ ስኮት ካውተን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የመጀመሪያው ጌም ላይም አንድ ጥበቃ፣ ካሜራዎች፣ ሁለት በርና የሚያልቅ መብራት ነው ያለው። እዚህ ግን አንድ ነገር ተጨምሯል፣ እኔን ያሳበደኝም እሱ ነው። መድረኩ ላይ የሌለ አምስተኛ አለ።

ብሩክ፦ እሱን አታንሺብኝ።

ሜሮን፦ አነሳዋለሁ! እሱ ሙዚቃ አይገደውም። ሙዚቃው እየጮኸ ይመጣል። አስበው እንግዲህ። ሙዚቃውን ከከፈትክ አራቱ መድረክ ላይ ይቀራሉ፣ አምስተኛው ግን ሲመጣ አትሰማውም። ከዘጋህ እርምጃውን ትሰማለህ፣ አራቱ ግን ወረዱ። ሆረር ጌም ሁልጊዜ ጆሮህን ነው የሚያሠራህ። ጸጥ ይላል፣ የሆነ ነገር ሲጥ ይላል፣ ትደነግጣለህ። ይሄኛው ጆሮህን ከመጀመሪያው ይወስድብሃል።

ብሩክ፦ እኔ እኮ ሄድፎን ሳደርግ ባሰብኝ።

ሜሮን፦ ይብስብሃል! ምክንያት አለው። ድምፅ ከየት እንደመጣ የምናውቀው ሁለቱ ጆሯችን ጋ በሚደርስበት የጊዜ ልዩነትና የጉልበት ልዩነት ነው። ባስ ላይ፣ ወፍራሙ ድምፅ ላይ፣ ይሄ ይደክማል። 50 ኸርዝ የሆነ ባስ አንዱ ሞገዱ ብቻ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። ጭንቅላትህ ለእሱ ምንም አይደለም፣ ዞሮህ ያልፋል። ስለዚህ ባስ ከሁሉም ቦታ የሚመጣ ይመስልሃል። ቀጭኑ ድምፅ፣ ኮቴው፣ የበሩ ሲጥታ፣ አቅጣጫ የሚነግርህ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይሰጥማል።

ብሩክ፦ ለካ ለዚህ ነው በተሳሳተ በኩል የምዞረው።

ሜሮን፦ ግን ሠሪው አንድ ቀዳዳ ትቶልሃል። አስተውለህ ከሆነ፣ ቢሮው ውስጥ ሆነህ ሙዚቃው ታፍኖ ነው የሚሰማህ። ዱም ዱም ብቻ። ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ ያስቀራል፣ ወፍራሙን ያሳልፋል። እንግዲህ አምስተኛው የኮሪደሩን በር ሲከፍት ምን ይሆናል?

ብሩክ፦ ሙዚቃው ይጠራል?

ሜሮን፦ ይጠራል! ጽናጽሉ ይመጣል፣ የዘፋኟ ድምፅ ይመጣል። ኮቴውን ሳትሰማ መምጣቱን ታውቃለህ። እኔ ይሄን ሳውቅ ከወንበሬ ተነስቻለሁ። ሙዚቃው ደስ ሲል ነው መፍራት ያለብህ!

ብሩክ፦ እኔ ሙዚቃው ሲጠራ ድምፁ የተስተካከለ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሜሮን፦ ሽንት ቤት ውስጥ ሆነህ።

ብሩክ፦ ሽንት ቤት ውስጥ ሆኜ፣ አዎ። እሺ፣ ወደ ኧርሊ አክሰስ እንመለስ...

ሜሮን፦ ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ። አንድ ጊዜ ድምፅ የሚሠራ ጓደኛዬን ላግዝ ብዬ ክለብ ከተዘጋ በኋላ ገብቻለሁ። ኬብል እየጠቀለልን ነው። ሰው ወጥቷል፣ ነጩ የጽዳት መብራት በርቷል። ያንን መብራት አይተኸዋል?

ብሩክ፦ አላየሁም። እኔ ቀድሜ የምወጣ ሰው ነኝ።

ሜሮን፦ ማታ ወርቅ የመሰለው ግድግዳ ቀለሙ የተላጠ እንጨት ነው። መስታወቱ ላይ የእጅ አሻራ አለ። ፍሪጁ ብቻ ያንጎራጉራል። ጆሮህ ደግሞ ከሙዚቃው ገና አላገገመም፣ ይጮህብሃል። ሰው ይጥራኝ አይጥራኝ አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ወለሉ መጠጥ ፈሶበት ይጣበቃል። ጫማህን ስታነሳ ጭቅ ይላል። ጓደኛዬ ከኋላዬ ሲመጣ ጭቅ፣ ጭቅ፣ ጭቅ። ልቤ ሊወጣ ደረሰ።

ብሩክ፦ አምስተኛው!

ሜሮን፦ በትክክል! የአምስተኛው ኮቴ ኳኳ አይልም፣ ጭቅ ነው የሚለው። ስሰማው ቀጥ አልኩ። ይሄን ጌም የሠራው ሰው ክለብ ተዘግቶ ያየ ሰው ነው። ከፊልም ላይ የተቀዳ ክለብ አይደለም። ለዚህ ነው የምከራከርለት።

ብሩክ፦ ኮቴውን እኔም አደንቃለሁ። መብራቱ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ዳንስ ወለሉ ላይ ያለው ብልጭ ድርግም።

ሜሮን፦ እሱ እኮ ነው ውበቱ! በብልጭታ መሀል ብቻ ነው የምታያቸው። ብልጭ፣ እዚያ ነው። ብልጭ፣ እዚህ ነው። ሲንቀሳቀስ አላየኸውም።

ብሩክ፦ ውበቱን አልካድኩም። ግን ማጥፊያ የለውም። ብልጭታ የሚጥላቸው ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓን ውስጥ አንድ የልጆች ካርቱን ቀይና ሰማያዊ መብራት ሲያፈራርቅ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ሆስፒታል ገብተዋል። ለድረ ገጽ የወጣው የተደራሽነት መመሪያ እንኳን በሴኮንድ ከ3 ጊዜ በላይ አይብለጭለጭ ይላል። መጀመሪያ ላይ ማስጠንቀቂያ፣ ቅንብሩ ውስጥ ማጥፊያ። ይሄ ገና ላልወጣው ሦስተኛ ሌሊት የሚቆይ ሥራ አይደለም።

ሜሮን፦ እዚህ ላይ አልከራከርህም። ትክክል ነህ።

ብሩክ፦ ይመዝገብልኝ! እንግዲህ ወደ ርዕሳችን መጣን። ጌሙ አላለቀም። ሁለት ሌሊት ብቻ ነው ያለው። ፎቁ ዝግ ነው። አምስተኛው ደግሞ ገና ቀለም እንኳን አልተቀባም። ግራጫ አካል ነው፣ ፊት የለውም።

ሜሮን፦ እንዳይነኩት!

ብሩክ፦ ሜሪ፣ ያላለቀ ሥራ ነው እኮ።

ሜሮን፦ አራቱ አልቀዋል፣ ጥርስ አላቸው፣ ላባ አላቸው፣ ያበራሉ። ሁለት ጊዜ ካየሃቸው ለመድሃቸው። ያንን ግራጫ ግን አልለመድኩትም። ዓይን የለውም፣ ወዴት እንደሚያይ አላውቅም። የካውተንን ታሪክ አስታውስ። ከፍሬዲ በፊት ለልጆች የሠራው ጌም ነበር። ሰዎች ገጸ ባሕርያቱ የሚያስፈሩ ማሽኖች ይመስላሉ ብለው ተቹት። እሱም በደንብ ላስፈራችሁ ብሎ ፍሬዲን ሠራ። ሳያስበው የመጣውን አልጣለውም።

ብሩክ፦ እሱ ግን አስቦ ጨርሶ ነው ያወጣው። ይሄ ገና ያልደረሰበት ነገር ነው። ሦስተኛው ሌሊት ላይም ግራጫ ከሆነ ሰው ሰነፈ ነው የሚለው።

ሜሮን፦ ይበል።

ብሩክ፦ ገንዘብ ቢያስከፍልስ ይበል ትያለሽ?

ሜሮን፦ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው። ፋን ጌም በሌላ ሰው ፈጠራ ላይ የቆመ ስለሆነ አብዛኛው በነፃ ነው የሚወጣው። ይሄም በነፃ ነው። ካውተን እ.ኤ.አ. በ2020 ጥቂት ፋን ጌሞችን መርጦ ራሱ ገንዘብ እደግፋለሁ ያለበት መንገድ አለ፣ ያ ግን ለሁሉም አይደርስም። ስለዚህ የምትከፍለው ጊዜህን ነው።

ብሩክ፦ ጊዜዬም ዋጋ አለው። ሁለት ሌሊት ተጫውቼ አንጀቴን አንጠልጥሎ ተወኝ። ከተተወስ? ስንት ፋን ጌም ነው ዴሞው፣ ለሙከራ የሚሰጠው ቁራጭ፣ ወጥቶ ሠሪው የጠፋው?

ሜሮን፦ ብዙ ነው። ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ነው የሚሠራው፣ ያውም ከሥራና ከትምህርት በተረፈች ሰዓት። ቢቆምም ያቺ በሩ ሲከፈት ሙዚቃው የሚጠራባት ነገር ለእኔ በቂ ናት። ደግሞ ሳያልቅ መውጣቱ የሚጠቅም ጊዜ አለ። ፋስሞፎቢያ የሚባለው ሆረር ጌም እ.ኤ.አ. በ2020 ኧርሊ አክሰስ ነው የወጣው፣ ሊታል ካምፓኒ የሚባለውም በ2023 እንደዚያው። ሁለቱም ሳያልቁ ነው ዓለም የተጫወታቸው። ሆረር ላይ ተጫዋቹ የት እንደሚፈራና የት እንደሚሰለች ሠሪው ብቻውን ሊያውቅ አይችልም። እሱ ራሱ እኮ አይፈራውም፣ ሁሉን ያውቀዋል።

ብሩክ፦ ይሄ ነጥብ ገብቶኛል። ግን እነዚያ ሲወጡ የሚያጫውት ነገር ሙሉ ነበራቸው። ይሄ የተቆረጠ ነው። ልዩነት አለው።

ሜሮን፦ ትንሽ አለው።

ብሩክ፦ ትንሽ አይደለም!

ሜሮን፦ እሺ፣ መካከለኛ ልዩነት። ለሠሪው አስተያየት መጻፊያ ቦታ አለ። የብልጭታ ማጥፊያውን ዛሬውኑ እንጻፍለት፣ አብረን።

ብሩክ፦ አብረን። እኔ ፊቱንም ጨርሰው ብዬ እጨምራለሁ።

ሜሮን፦ እኔ ደግሞ እንዳትነካው ብዬ ከስርህ እጽፋለሁ።

ብሩክ፦ ጻፊ። ሽንት ቤቱንም እንዳይነካው ንገሪልኝ።

ሜሮን፦ እሱንማ ቁልፉን ንቀለው ነው የምለው!