ሕክምና እዚሁ ወይስ ባሕር ማዶ?

እንደምን አረፈዳችሁ የደሴ ልጆች! ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የመጣችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ወላጆች፣ አክብሮቴ ይድረሳችሁ።

ሁለቱንም አመዛዝነህ አቅርብ ተብያለሁ። አላመዛዝንም። ነጥብ መጥቶላችሁ እዚህ ሕክምና ከደረሳችሁ እዚሁ ተማሩ። ውጭ የሚያምረው ለስፔሻሊቲ ነው።

ለምን? ሲ ዋን፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ መማር የምትጀምሩበት ዓመት፣ ደርሳችሁ ዋርድ (በሽተኞች የሚተኙበት ክፍል) ስትገቡ ሥራችሁ በሽተኛ ማናገር ነው። "ምን አመመዎት እማማ?" ትላላችሁ። እሳቸው ስለ ልጃቸው ሠርግ ይጀምሩላችኋል። አታቋርጧቸው፤ ሕመሙ የጀመራቸው የሠርጉ ሰሞን ሊሆን ይችላል። ኢንተርን ስትሆኑ ደግሞ ማዋለጃ ክፍል እጃችሁን ምጥ የያዛት እናት ሆድ ላይ አድርጋችሁ፣ ዓይናችሁን ሰዓቱ ላይ ተክላችሁ፣ ምጡ በ10 ደቂቃ ስንቴ እንደመጣና በየጊዜው ስንት ሴኮንድ እንደቆየ ስትቆጥሩ ታድራላችሁ። ይሄ በቪዲዮ አይለመድም።

ቻይና በእንግሊዝኛ ነው የሚያስተምሩት ይባላል። ክፍል ውስጥ፣ አዎ። በሽተኛው ግን የሚያወራው ቻይንኛ ነው፤ ለዚህም ነው ኤችኤስኬ የሚባለውን የቋንቋ ፈተና እስከ 4ኛ ደረጃ እለፉ የሚሏችሁ። ደላላው ይሄን ቀድሞ አይነግራችሁም። (እዚህም ቢሆን አማርኛ ብቻውን አይበቃም፤ ከባቲ የመጣው ኦሮምኛ፣ ከሚሌ የመጣው አፋርኛ ያወራችኋል።)

እዚህ ሁሉ አልጋ በአልጋ ነው አላልኩም። አንድ በሽተኛ ዙሪያ ተማሪ ይበዛል። ጓንት አልቆ ቤተሰቡ ከውጭ ገዝቶ የሚመጣበት ቀን አለ። በ2014 ጦርነት የደሴ ሆስፒታል መዘረፉን እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። ደመወዙንማ አታንሱብኝ፤ በ2017 ጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም የደረሱት ወደው አይደለም።

ነጥቡ ያልመጣለት፣ ወይም ልቡ ውጭ የሆነ ይሂድ፤ አልቆጣም። ግን የሚገባበት ኮሌጅ በዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ላይ መኖሩን አስቀድሞ ይይ። ሲመለስ ዲግሪውን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ማስደረግ፣ የጤና ሚኒስቴርንም የፈቃድ ፈተና ማለፍ አለበት። "ተመርቄ መጣሁ" ብሎ ጋውን መልበስ የለም።

ወላጆች፣ በሬ ሸጣችሁ፣ ዕቁብ ጥላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው የተማረ ልጅ ፈልጉ። ስለ ዶርሙና ስለ ከተማው ውበት ተዉት። "በራስህ እጅ ስንት በሽተኛ መረመርክ?" በሉት። ቁጥር ከነገራችሁ ጥሩ ነው። ወሬ ካዞረ ግን ብሩ ኪሳችሁ ይቆይ።

በሉ ጥያቄ። ከኋላ እንጀምር፣ ያቺ ቀይ ሻርፕ የለበሰችው።